ጉዳይ ከዜና በኋላ

ሰው ሚስት ለማግባት ሲነሣ የሚያደናቅፈው ነገር አይጠፋም። አንዱ በዘሩ ይመለሳል፣ ሌላው በደመወዙ፣ ሌላው ደግሞ መጠጥ ያበዛል ተብሎ። እኔን ያደናቀፈኝ የዓለም ዜና ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ፤ ይሳቁ። እነሱ ሽማግሌ ሲልኩ በመካከል ቡልጋሪያ አልገባችባቸውም፤ የጠፈር መንኮራኩርም አልዞረባቸውም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ላይ ነው። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና መኪና ጠጋኝ ሆኜ ተቀጥሬ መጣሁ። ሙቀቱ እንደ ናዝሬት ነው ብለውኝ ነበር፤ ስለ ቢምቢው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ትርንጎን ያገኘኋት እዚያው ፋብሪካ ነው። ሥራዋ ጨርቅ መመርመር ነበር። ተሠርቶ የወጣው ጨርቅ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ ዓይኗን ተክላ የተበጠሰውን ክር፣ የዘይቱን ጠብታ፣ የተዛነፈውን ድር ትለቅማለች። ከዓይኗ የሚያመልጥ እንከን አልነበረም። እኔን እንዴት እንዳሳለፈችኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ብጠይቃት፣ "የዚያን ቀን መብራቱ ደብዝዞ ነበር" ትላለች።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። መሪጌታ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ትውልዳቸው ከጣና ማዶ፣ ቆላ ድባ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር ከከተሙ ግን ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ከትርንጎ ጋር ብቻ ይኖሩ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ አጥብቀው የሚወዱት ዜማቸውንና ሬዲዮናቸውን ነው። ሬዲዮኑ ሟች ባለቤታቸው የሠሩለት የዳንቴል ልብስ አለው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ሰፌድ ላይ ከበርበሬው ጎን ተሰጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ኅብረት ሱቅ ውስጥ ድንጋይ ሲጠፋ ደግሞ ያው የሞቀው እንደገና ይሞቃል። የዚያ ቤት በርበሬ ከዓለም ፖለቲካ ጋር አብሮ ደርቆ ነው የሚፈጨው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቀን ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ መሪጌታ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወንበራቸውን ያወጣሉ። ትርንጎ ፊት ለፊታቸው ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ዜና አንባቢው አንዱን ወሬ ጨርሶ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል መሪጌታ ድምፁን ዝቅ ያደርጉና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ወይእዜኒ" ይላሉ። በግእዝ አሁንም ማለት ነው። ከዚያ ሐተታው ይጀምራል። ሌላው ሰው ዜና ሰምቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ለመሪጌታ ግን ያልተሐተተ ዜና እንዳልተሰማ ይቆጠራል።

ሐተታው የማይነካው ነገር የለም። መንግሥቱን፣ የውጭ ጉዳዩን፣ በየጊዜው የሚወጣውን አዲስ መሣሪያ ሁሉ ያዳርሳል። ለመሪጌታ አዲስ ነገር ሁሉ ምስክር እስኪቆምለት ድረስ ተከሳሽ ነው። ጣና ላይ ሞተር ጀልባ የበዛ ሰሞን፣ "ታንኳ ቢበላሽብህ ደንገል አጭደህ ሌላ ታስራለህ። ሞተር ሲበላሽብህ ግን ዕቃው ከኦዴሳ እስኪመጣ ዳር ላይ ቁመህ ልትጠብቅ ነው" አሉ። ቴሌቪዥን ወደ ከተማችን ሊመጣ ነው የተባለ ጊዜ ደግሞ፣ "በሬዲዮን ሰው ሲዋሽ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። በዚያኛው ፊቱን እያየሁ ላፍርለት ነው?" አሉ። ይህ ሁሉ በደርግ የመጣባቸው ጠባይ እንዳይመስላችሁ። በንጉሡም ጊዜ ይተቹ ነበር ይላሉ የሚያውቋቸው፤ ያኔ የከፉት በአውሮፕላን ላይ ነበር አሉ።

ዘመኑ ሰው ስለ ዝናብ እንኳ ሲያወራ ግራ ቀኙን የሚያይበት ነበር። መሪጌታ ግን ማኅሌት የሚቆሙበትን ድምፅ አልቀነሱም። እሑድ ሰባት ሰዓት ሲደርስ የጎረቤቱ መስኮት በየተራ ሲዘጋ ይሰማል። ትርንጎ "አባባ፣ ቀስ ይበሉ" ስትላቸው፣ "ልጄዋ፣ እነሱ ላገር ሁሉ ሲናገሩ እኔ ላንች ብናገር ምን አለበት?" ይሏታል። እሷ የምትፈራው አንዱ ሰምቶ አባቷን ይዟቸው እንዳይሄድ ነበር።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት በሬዲዮኑ በኩል ነው። አንድ ቀን ማንኮራፋት ሲጀምር ትርንጎ "ፋብሪካችን ውስጥ መካኒክ አለ" ብላ አስጠራችኝ። የሽመና መኪና እንጂ ሬዲዮን ነክቼ አላውቅም፤ ፍቅር የያዘው ሰው ግን አልችልም አይልም። ክዳኑን ፈታሁ፣ አቧራውን እፍ አልኩ፣ መልሼ ገጠምኩት፤ ሠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪጌታ "መካኒኩ" እያሉ ያቀርቡኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መወደዴን አይቼ፣ ሐተታ መሃል ገብቼ የራሴን አስተያየት ሰጠሁ። ሬዲዮኑን ጭራሽ ዘጉና፣ "ማኅሌት ላይ ብትሆን ኑሮ በመቋሚያ ነበር" አሉኝ። ዳግመኛ አልለመደኝም።

ትርንጎ "ሽማግሌ ላክ" ስትለኝ ዘመዶቼ ሁሉ ናዝሬት ስለሆኑ ከፋብሪካው ሁለት ሰው መረጥኩ። አንደኛው የሽመና ክፍል ኃላፊያችን ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመኪና ጩኸት መሃል ስለፈጁ ጆሯቸው አብሮ አልቋል፤ እንደምን አደርክ ሲሉ እንኳ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣሩ ይመስላሉ። ሁለተኛው፣ እዚህ ላይ አንባቢ ቢታዘበኝ አልቀየምም፣ ጓድ በላቸው ነው። ጓድ በላቸው የፋብሪካው ካድሬ ነበር፤ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ እየሰበሰበ ስለ ዓለም ሁኔታ ያስተምረናል። ካድሬ ለምኖት እምቢ የሚል አባት የት ይገኛል ብዬ ነው የመረጥኩት። ብልጠት ከልክ ሲያልፍ እንዲህ ያደርጋል።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ የተቀደደ ጨርቅ ያየች ያህል አየችኝ።

"አባባ ቤት ካድሬ ልታመጣ ነው? እኔን ላንተ ሊለምን ገብቶ አባባን ይዞ ነው የሚወጣው።"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት" አልኳት። "ዜናው አልቆ፣ መሪጌታ ምሳቸውን በልተው። ያን ጊዜ ከሳቸው የሚሻል ዝምተኛ የለም።" ብዙ ምዬ ገዝቼ አሳመንኳት።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ እንደተመለሱ መሪጌታ ላኩብኝ፤ ሬዲዮኑ እንደገና ያንኮራፋል፣ የአንቴናውን ሽቦ ማንጎው ላይ ከፍ አድርገህ እሰርልኝ አሉ። የወደፊት አማቴን ለማስደሰት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ብዬ ሽቦውን ጥርሴ ላይ ነክሼ ወጣሁ። ካንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሳዛውረው ቆይቼ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ጥርት አለ። አስሬው ልወርድ ስል መልሶ አንኮራፋ። በእጄ ስይዘው ይናገራል፤ ስለቀው ይተኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ ሙያዬ የሽመና መኪና ነው።

"እንደያዝኸው ቆይ" አሉኝ መሪጌታ ከታች። "ዜናው ሊጀምር ነው።"

ቆየሁ። ለካ ዛፉ ባለቤት አለው፤ ጉንዳኖቹ ሱሪዬ ውስጥ ስብሰባ ጠሩ። እኔ አንድ እጄ ቅርንጫፍ ላይ፣ አንድ እጄ ሽቦ ላይ ስለሆነ ያለ ተቃውሞ ያሻቸውን ይወስኑብኝ ጀመር።

ገና ዜናው ከመጀመሩ የግቢው በር ተንኳኳ። ከላይ ሆኜ ያየሁት ሁለት ራስ ብቻ ነው፤ የጋሽ ዘውዴ ባርኔጣና የጓድ በላቸው ቆብ። በኋላ እንደሰማሁት ጓድ በላቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶበት፣ "ቀደም ብለን እንገላገለው" ብሎ ጋሽ ዘውዴን ይዞ መጣ። ሊነግሩኝ ቤቴ ሄደው ነበር። የት ያግኙኝ? እኔ ማንጎ ላይ ነኝ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ መሪጌታ።

"አንቀመጥም አባቴ" አለ ጓድ በላቸው። "ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።"

"ጉዳይ ከዜና በኋላ" አሉና ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮኑ መለሱ።

እንግዲህ ወጉን አስቡት። ልጅ ሊለምን የሄደ ሽማግሌ የተስፋ ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም። የልጅቷን አባትም አይቃወምም፤ ያሉትን ሁሉ አሜን እያለ ነው ልባቸውን የሚያራራው። ክበብ ሰብስቦ ሲያስጨበጭብ የኖረው ጓድ በላቸው አሁን አንገቱን ደፍቶ፣ ቆሞ፣ የመሪጌታን ሐተታ አሜን ሊል ነው። ትርንጎ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ቆቡን ስታይ የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ። ቀጥሎ ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ያን ቀን ይቅር ያለችኝ ሁለተኛ ልጃችን ከተወለደ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ወሬ የወዳጅ አገር የቡልጋሪያ ልዑካን ለጉብኝት መግባታቸው ነበር። መሪጌታ ድምፁን ዝቅ አደረጉ።

"ወይእዜኒ። ወዳጅ አሉ። በእኛ አገር ወዳጅ ማለት ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነው። ቡልጋሪያ ለማን ለቅሶ ደረሰች?"

ከላይ ሆኜ የጓድ በላቸውን ጆሮ አየዋለሁ፤ ቀላ። "ልክ ነው አባቴ" አለ። ቃሉ ከጉሮሮው ተጎትቶ ነው የወጣው።

"አሜሪካም ያው ናት። ስንዴ ትሰጥህና ጆንያው ላይ ስሟን ትጽፋለች። ምጽዋት የሰጠ ሰው ነዳዩ ጀርባ ላይ ስሙን ይጽፋል?"

"ይኸኛውስ እውነትም ልክ ነው" አለ ጓድ በላቸው፣ ነፍስ እየዘራ።

ቀጥሎ መንኮራኩር መጣ። ሰዎች ጭኖ ምድርን ሲዞር ከርሞ በተነሣበት አገር በሰላም አረፈ ተባለ።

"ወይእዜኒ። ዙረው ዙረው የወረዱት እዚያው ከተነሡበት ነው? ለዚህ ለዚህማ ቆላ ድባ ገበያ ሂዶ መመለስ ምን አነሰው? ቢያንስ ጤፍ ይዘህ ትመለሳለህ።"

ጓድ በላቸው ቆቡን አወለቀና ላቡን ጠረገ። "ልክ ነው አባቴ።" እኔ ሳቄም፣ ፍርሃቴም፣ ጉንዳኑም ባንድ ላይ መጡብኝ። ቅርንጫፉን ነክሼ ዋጥኩት።

ሦስተኛው ወሬ የአገር ውስጥ ነበር። የእርሻ ምርት ከታቀደው በላይ ሆነ ይላል። ቡልጋሪያ ሩቅ ናት፤ ጠፈርም ሩቅ ነው፤ ይህኛው ግን ጓድ በላቸው ክበቡ ላይ በራሱ አፍ ያነበበልን ጉዳይ ነው። መሪጌታ ምንም ሳይመስላቸው ቀጠሉ። "እዚህ ጎናችን የሰባታሚት ገበሬ ምርቱ እንደበዛለት የሚሰማው በሬዲዮን ነው። ጎተራው አልነገረውም ማለት ነው።"

ጓድ በላቸው "ልክ" ብሎ ጀመረና "ነው" የሚለው አልወጣ አለው። በዚህ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዜና ከሌለ ሐተታ የለም፤ ሽቦውን ብለቀውስ? ለቀቅኩት። ሬዲዮኑ አንኮራፋ። መሪጌታ ወደ ዛፉ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ይሁን፣ ያለፈው ሳምንት ያልጨረስነው አለ" አሉና የመሬቱን ጉዳይ፣ የሹመቱን ጉዳይ፣ የማኅበሩን ጉዳይ አነሡ። ለካ ዜናው ለሐተታው አጥር ሆኖለት ነው የኖረው፤ አጥሩን አፍርሼ ለቀቅኩት። ሽቦውን እንደገና ለመያዝ ስንጠራራ ልወድቅ ነበር፤ ያዝኩትና ዜናው ተመለሰ።

ያን ሁሉ ጊዜ ጋሽ ዘውዴ ምንም አልሰሙም። የመሪጌታ አፍ ዕረፍት ሲወስድ አይተው ተራቸው መሰላቸውና በሽመና ክፍል ድምፃቸው፣ "መሪጌታ፣ ልጅዎን ትርንጎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው!" አሉ። ተዘግቶ የነበረው የጎረቤት መስኮት ሁሉ ተከፈተ። መሪጌታ ጣታቸውን ብቻ አነሡ። "ከዜና በኋላ።"

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። ጓድ በላቸው መሬት መሬቱን ሲያይ ቆይቶ፣ "ኩባ ግን ለቅሶ ደርሳለች አባቴ" አለ።

ሽማግሌ የልጅቷን አባት ተቃወመ ማለት ነው፤ አለቀልኝ አልኩ።

"እንዴት?" አሉ መሪጌታ።

"ኦጋዴን ላይ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ከኛ ጋር ሞተዋል።" የዚህን ጊዜ ድምፁ የክበቡ ድምፅ አልነበረም። ጓድ በላቸው ጦር ሜዳ መዋሉን ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

መሪጌታ ሬዲዮኑን ዘጉት። ዜናው ገና አላለቀም ነበር።

"እሷስ ደርሳለች። ነፍሳቸውን ይማር። እሷን ወዳጅ በሏት፣ አልከለክላችሁም።" ስለ ክበቡ ከትርንጎ ሰምተው ኖሮ፣ "አንተ ክበብ ላይ ስታነብ ሰው ይሰማሃል?" አሉት።

"ይተኛል አባቴ። እኚህ ጋሽ ዘውዴ ከፊቴ ተቀምጠው ነው የሚያንኮራፉት።"

"አይከፋህም?"

"ይከፋኛል እንጂ።"

"ተቀመጥ" አሉት። ከላይ ሆኜ በደስታ ልጮህ ስል፣ "ለጉዳዩ አይደለም፤ ለወሬው ነው" ብለው ጨመሩ። ጋሽ ዘውዴ ግን ጓድ በላቸው ሲቀመጥ አይተው ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው፣ "እግዜር ይስጥልን!" ብለው ተቀመጡ።

"የመጣችሁበትን አውቀዋለሁ" አሉ መሪጌታ። "ልጄን አልሰጥም።"

ጓድ በላቸው ልጁ ጨዋ ነው፣ ባለሙያ ነው፣ መጠጥ አይደፍርም እያለ ሲዘረዝር መሪጌታ አቋረጡት። "በልጁ ላይ ነገር የለኝም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ዜና ሰምቸ የምነግራት እሷን ነው። እሷን ወስዳችሁ ስትሄዱ እኔ ለማን ልናገር? ብቻውን ዜና ሲሰማ የሚውል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን ለሬዲዮኑ መልስ መስጠት ይጀምራል።"

ትርንጎ ማድ ቤት በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። እኔ አዘንኩ። ያን ጊዜ ድረስ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ የሩቅ አገር ሰው ስለሆንኩ፣ አዲስ ነገር ስለሆንኩ የሚጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "ለእኔ ይንገሩኝ" አልኩ።

ጋሽ ዘውዴና ጓድ በላቸው ወደ ሰማይ አዩ። መሪጌታ ግን ቀና አላሉም።

"አንተማ ሽቦ ስትይዝልኝ ነው የዋልኸው" አሉ። "በየሳምንቱ እየመጣ አንድ ሬዲዮን የማይጠግን መካኒክ ምን ሊሠራ እንደሚመጣ የማላውቅ ይመስልሃል? ዝም ብለህ ትሰማለህ ወይ?"

"እሰማለሁ።"

"መልስ አትሰጥም?"

"አልሰጥም።"

"ካንድ ካንድ ጊዜ ስጥ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "በል ውረድ።"

ልወርድ ስል እግሬ ደንዝዞ ኖሮ ጓድ በላቸው ላይ ወረድኩ። ጉንዳኖቹም አብረውኝ ወረዱ። አስቸኳይ ስብሰባው ላይ አንገቱን እያከከ መምራቱን በኋላ ሰምተናል።

ከሠርጋችን በኋላ ሁልጊዜ እሑድ ማንጎው ሥር ተገኘን። ጓድ በላቸውም መምጣት ጀመረ፤ ኅብረት ሱቅ የጠፋውን የባትሪ ድንጋይ ከየት እንደሚያመጣው አይታወቅም። ጎረቤቱ መሪጌታን ሊሰልል የሚመጣ መስሎት መስኮቱን አጥብቆ ይዘጋ ነበር። እሱ ግን የሚመጣው ሊከራከር ነው። እየተከራከሩ ድንጋይ ይጨርሳሉ፣ ድንጋይ ሲያልቅ በርበሬው ጎን ያሰጣሉ። በኋላ ጓድ በላቸው ወደ አሰብ ተዛወረ፤ ከዚያም ወሬው ጠፋ።

መሪጌታ ያረፉት ደርግ ገና ሳይወድቅ ነው። ድንኳኑን ማንጎው ሥር ጣልን። ለቅሶ ቤት ሬዲዮን አይከፈትም፤ በሣልስቱ ዕለት ግን ቀን ሰባት ሰዓት ሲደርስ ትርንጎ ማንንም ሳታማክር ዳንቴሉን ገለጠችና ከፈተችው። ሽማግሌዎቹ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። የወዳጅ አገር ልዑካን ለጉብኝት ገቡ ይላል። የትኛው አገር እንደሆነ ልብ አላልኩም። ዜና አንባቢው ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ሰው ሁሉ በልማድ ወደ ባዶው ወንበር አየ።

ከድንኳኑ ጥግ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ፣ ጫማው የመንገድ አቧራ የለበሰ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። መቼ እንደገባ ያየው የለም። ድምፁን ሰምቼ ነው ጓድ በላቸው መሆኑን ያወቅሁት።

"ወይእዜኒ" አለ። "ለማን ለቅሶ መጡ?"

መጀመሪያ የሳቀችው ትርንጎ ናት፤ እያለቀሰች። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ዘውዴ ምን እንደተባለ ባይሰሙም ሰው አይተው ሳቁ። ትርንጎ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ዱካዋን ስባ ከጓድ በላቸው ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ የሬዲዮኑን ድምፅም ዝቅ አደረገች።

"ቀጥል" አለችው።